ግማሽ እፎይ

የትርንጎ እናት ሰባ ዓመት በሞላቸው ማለዳ፣ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተተከለው የመድኃኒት ሳጥን «እንኳን አደረስዎ» አለና ተዘጋ።

ሴትዮዋ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን በየማለዳው መዳፋቸው ላይ ሲጥል የኖረ ሳጥን ነው። አንኳኩበት። ሳጥኑ በዚያ በለሰለሰ የሴት ድምፁ መለሰላቸው። «ይህ መድኃኒት ከሰባ ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ አልተጠናም። አይጎዳዎትም ብለን መማል አንችልም። ስለ ደኅንነትዎ ሲባል ሕመምዎን ይቀጥሉ።»

በኪኒናው ፋንታ ምክር ታዘዘላቸው፤ ውኃ፣ ዕረፍትና ትዕግሥት። ትዕግሥቱ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ነው። እንደ ታዘዙት ታገሡ፤ ክረምቱ ሳይወጣም ሞቱ። የጥንቃቄ መሥሪያ ቤቱ «በመድኃኒት ምክንያት ያልሞቱ» ብሎ መዘገባቸው። እንዲህ ተብለው የሚመዘገቡት ብዙ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱም በየዓመቱ ይሸለምባቸው ነበር።

ነገሩ ክፋት አልነበረበትም። መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ከቀረ ዘመናት አልፈዋል። የሚሞከረው አቶ አማካይ በሚባል፣ ማሽን ውስጥ በሚኖር ሰው ላይ ነበር። አቶ አማካይ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሰባ ኪሎ ይመዝናል፤ እንቅልፉ ጥሩ ነው፤ ጨው አያበዛም። አርግዞ አያውቅም፤ አርጅቶም አያውቅም። አንድ ጊዜ ባለሙያዎቹ ሊያስረጁት ሞክረው ነበር፤ ስኳር፣ ግፊት፣ የጉልበት ሕመምና የዐይን ሞራ አንድ ላይ ቢጭኑበት ማሽኑ ጨሰ። ሊያስረግዙት ሲሞክሩ ደግሞ «አንድ ሰው፣ ሁለት ልብ፤ ስሕተት» እያለ ሲጮኽ ዋለ። ከዚያ ወዲህ እርጉዝና አረጋዊ «ያልተጠኑ» ተብለው ተመዘገቡ። ላልተጠና ሰው መድኃኒት መስጠት ወንጀል ሆነ።

ትርንጎ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ሳጥኑ «እንኳን ደስ አለዎ» ብሎ ተዘግቶባት ነበር። ስምንተኛ ወሯ ላይ ግፊቷ አሻቀበ፤ አንዘፈዘፋት። ስትነቃ ሆዷ ባዶ ነበር። አጠገቧ ያለው ማያ ላይ «እናት ከመድኃኒት ጉዳት ተጠብቃለች» የሚል ጽሑፍ ይበራ ነበር።

አሁን ደግሞ ሁለተኛዋን አርግዛለች። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ሰመራ መስመር ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ከአባቷ ከጋሽ ናሆም ጋር፣ ደሴ ውስጥ ጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ጥንታዊ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሊፍት ይገባበታል ተብሎ በአያቶቻቸው ዘመን የተተወው ጉድጓድ አሁንም ሊፍቱን እየጠበቀ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ልብስ ይሰጣበታል። አባቷ ሰባን ተሻግረዋል፤ ሳጥናቸውም ተዘግቷል። ትርንጎ በየማለዳው አባቷ ከአልጋ ሲነሡ ግድግዳ ይዘው ዐይናቸውን ሲጨፍኑ ታያለች። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ ታደርጋለች። ከሁለቱ ማንኛቸው ቀድመው እንደሚሄዱባት አታውቅም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፣ ማሽኑ ስላቃተው፣ ከዘመናት በኋላ በሰው ላይ የሚደረገው ጥናት የመጣው።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፎቅ ለፎቅ እየዞሩ፣ ካልተጠኑት መካከል በዕጣ መረጡ። መድኃኒቱ «እፎይ» ይባላል፤ ነጭ፣ ክብ የግፊት ኪኒን ነው፤ መካከሉ ላይ ቀጭን መስመር አለው። ዕጣው ለትርንጎና ለአባቷ ወጣ። ፊት ለፊት ለሚኖሩት ለእትዬ ሶልያና አልወጣም።

እትዬ ሶልያና ብቸኛ ሴት ናቸው። ጋሽ ናሆምን ከወጣትነት ጀምሮ ሲሰድቧቸው የኖሩ፣ የትርንጎ ሟች እናት ሚዜ። ያን ቀን ሲያቃስቱ ግድግዳውን ዘልቆ ይሰማል።

ሳጥኑ በማግሥቱ የመጀመሪያዋን እፎይ ጋሽ ናሆም መዳፍ ላይ ጣለ። «አፍዎን ይክፈቱ፤ ይዋጡ፤ አፍዎን ይክፈቱ። እናመሰግናለን።» ሳጥኑ የሚያየው አፍ ነው፤ ጣት አያይም። ጋሽ ናሆም በመስመሯ ላይ ቀጭ አድርገው ሰበሯት፤ ግማሿን ዋጡ፤ ግማሿን ጨብጠው በሩን ከፍተው ወጡ።

«አባዬ፣ የት ነው?» አለች ትርንጎ።

«እዚህ ነኝ።»

«ጥናት እኮ ነው! ሙሉውን ዋጡ ብለውናል።»

«ሰውየው ሲያስረዳን ሶልያና እያቃሰተች አልሰማሽም? እሷ በዚያ እየተሰቃየች እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ልዋጥ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። ኪኒን ሲሆን ይለወጣል የሚል አልሰማሁም።»

እትዬ ሶልያና ግማሿን ኪኒን በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ አስጠጓት። «አንተ ናሆም፣ ትልቁን ግማሽ አስቀረህ አይደል?»

«ኪኒን ነው እንጂ ድፎ ዳቦ አይደለም፣ ሴትዮ! ዋጪው።»

«በሠርጋችሁ ቀን የበጉን ወርች ስታካፍልም እንዲሁ ነበርክ» አሉና ዋጡት።

ትርንጎም ያን ቀን ትምህርት ቤት ስትሄድ የራሷን ግማሽ ይዛ ወጣች። አብራት የምታስተምረው ብርቄም አርግዛለች፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል፤ ዕጣም አልወጣላትም። ትርንጎ እጇን ጨበጠቻትና ግማሿን መዳፏ ውስጥ ተወችላት። በሠፈሩ፣ በከተማው፣ ጥናቱ በደረሰበት ሁሉ ዕጣ የወጣለት ሰው ሁሉ ይህንኑ አደረገ። ማንም ማንንም አላስተማረም። ጎረቤት እያየ ብቻውን ለመዋጥ ጉሮሮው የታዘዘለት ሰው አልተገኘም፤ ያ ብቻ ነው።

ግማሿ ሠራች። ጋሽ ናሆም ግድግዳ መያዝ ተዉ። እትዬ ሶልያና ማቃሰታቸውን ትተው ወደ ስድባቸው ተመለሱ። የብርቄ እግር ጫማው ውስጥ ገባ። የትርንጎ ሆድ ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ግፊቷ እንደ ልጃገረድ ነበር።

ከዚያ ውጤቱ ታወጀ። «እፎይ፣ አንድ ሙሉ ኪኒን በቀን፣ በእርጉዞችና በአረጋውያን ላይ ምንም ጉዳት የለውም!» ለሁሉም ሊሰጥ ሆነ። ቲሸርት ታተመ፤ ኮፍያ ታተመ፤ አቶ አማካይ እርጉዝ ሴትና ሽማግሌ አቅፎ ፈገግ ሲል የሚያሳይ ሥዕል ኮንዶሚኒየሙ ላይ ከጣራ እስከ መሬት ወረደ።

ትርንጎ ሥዕሉን ሽቅብ አየችው። ሙሉውን የዋጠ ሰው አንድም አልነበረም።

በማግሥቱ የጥንቃቄ መሥሪያ ቤት ሄደች። ያነጋገራት አቶ መኳንንት የሚባል ጢሙ ገና ያልጠና ወጣት ነው። እርጉዝ መሆኗን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ትራስ አመጣላት፤ ውኃ ቀዳላት። ጨዋ ልጅ ነበር።

«ውጤቱ ስሕተት ነው» አለችው። «እኛ የዋጥነው ግማሽ ነው።»

«እናንተ ማን?»

«እኔ። አባቴ። ሁላችንም።»

«ሳጥኑ ሙሉ ዋጡ ይላል።»

«ሳጥኑ ጣት አያይም።»

አቶ መኳንንት ፈገግ አለ። «እትዬ ትርንጎ፣ ሳጥኑ ያላየው ነገር አልተደረገም። ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ለጎረቤት አካፈልን እኮ ነው የምልህ!»

«ለምን?»

ለምን ብሎ እንደሚጠይቃት አላሰበችም። «አንተ ጎረቤት የለህም?» አለችው።

«አሉኝ፤ አንተዋወቅም» አለ ልጁ፣ በኩራትም በኀዘንም ሳይሆን፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያሉትን ብመዘግበው ጥናቱ በሙሉ ይሰረዛል። ሲሰረዝ ሁላችሁም ያልተጠናችሁ ትሆናላችሁ። ሳጥኑ ነገ ጠዋት ይዘጋል። የእርስዎም፣ የአባትዎም። ልመዝግበው?»

ትርንጎ ሆዷን ያዘች። ልጇ ከውስጥ ረገጣት።

«ግማሹ ግፊቱን እንዲህ ካወረደ ሙሉው ሰው ይጥላል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ሰልሏል።

«እንግዲያው እንዳልሰማሁ ልሁን» አለ አቶ መኳንንት፣ ትልቅ ውለታ እንደ ዋለላት ሁሉ። «ለሰውም እንዳይናገሩ። ያለ ፈቃድ የመድኃኒት ምክር መስጠት ሳጥን ያዘጋል። ሳጥኖቹ ይሰማሉ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሱ ሞኝ አልነበረም፤ ወረቀትም ከጠፋ ቆይቷል፤ አለመልቀቁ ብቻ ቀርቷል።

እደላው ሊጀመር ሲል ትርንጎ እትዬ ሶልያናን ደረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። በዙሪያው ሳጥን የሌለው እዚያ ብቻ ነው። ሴትዮዋ የታደለውን ቲሸርት በቀሚሳቸው ላይ ደርበው ለብሰዋል።

«እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ለእርስዎም ሊመጣ ነው። ሲመጣ ግን ግማሹን ብቻ ይዋጡ። ግማሹን ይጣሉት።»

«ልጣለው?»

«ሙሉው ይበዛል። በግማሽ ነው የዳኑት።»

እትዬ ሶልያና ዐይናቸውን አጠበቡ። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እንዲህ አልነበረችም። እስከ ዛሬ ድረስ የናሆምን ፍርፋሪ ስጠብቅ በር በሩን ሳይ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ረፈደበት እንደሆን ሞትኩ እያልኩ። ነገ የራሴ፣ በስሜ የታዘዘ፣ ሙሉ ኪኒን ይመጣልኛል። ሙሉ ሰው ነሽ ተባልኩ። አሁን መጥተሽ በግማሽ ሰውነትሽ ቆዪ ትይኛለሽ?»

«እትዬ፣ በማርያም…»

«ደግሞስ ምግብ ይጣላል? ነውር አይደለም? ቢተርፈኝ እንኳ ማን ይቀበለኛል፤ ሁሉም አለው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ቅር አለው። የሚያካፍሉት ሰው አለመኖሩን ገና ያን ጊዜ ያሰቡት ይመስል።

ሙሉውን ዋጡ። በሁለተኛው ቀን ዐይናቸው ጭልምልም አለ፤ ደስታ ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ናሆምን ሊሰድቡ በሩን ከፍተው ወጡ፤ ራሳቸውን ሳቱ፤ ከአምስተኛው ፎቅ ደረጃ እስከ አራተኛው ወረዱ። ጋሽ ናሆም ሲደርሱ ትንፋሻቸው አልነበረም። ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሴትዮዋን ራስ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ የተነሣውን ቲሸርት ወደ ታች ሳቡላቸው፤ «ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አሏቸው።

የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ መጣ፤ ደረጃውን ለካ። የሞት ምክንያት «ደረጃ» ተብሎ ተመዘገበ። ከሰዓት በኋላ ሳጥኖቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተናገሩ። «ደረጃ በአረጋውያን ላይ አለመጠናቱ ተረጋግጧል። ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናችሁ በያላችሁበት ፎቅ ትቆያላችሁ። ትዕግሥት በቀን ሦስት ጊዜ።»

ድንኳኑ ታች ሜዳው ላይ ተተከለ። ወጣቱ ታች፣ ሽማግሌው በየበረንዳው ሆኖ ተለቀሰ። ብርቄ ከነሆዷ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ከሌሎች ሠፈሮችም ብዙ እርጉዞች፣ እናትና አባት የሚጦሩ ብዙ ልጆች መጡ። ሁሉም ሙሉውን እየዋጡ ነው። ትርንጎ ፊታቸውን አየች፤ ሲቀመጡ የድንኳኑን ምሰሶ ይይዛሉ። ከምሰሶው ላይ ደግሞ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ይሰማል።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላት። ሳጥኖቹ በተተከሉ ሰሞን ለቅሶ ቤት ትልቅ ጣጣ ሆኖ ነበር። አልቃሽ «ምነው በሞትኩት» ባለች ቁጥር አምቡላንስ ይመጣል፤ «ገደልከኝ፣ ወንድሜ» ባለች ቁጥር ፖሊስ ይመጣል። አንድ ሰሞን በከተማው የታሰረ እንጂ የተቀበረ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ሲመረው ወሰነ። ድንኳን ተተክሎ የሚወርድ ሙሾ ድምፅ እንጂ ንግግር አይደለም፤ ሳጥን አይሰማውም።

ትርንጎ ሙሾ አውርዳ አታውቅም። ተነሣች። ነጠላዋን አገለደመች፤ ደረቷን መታች።

«ግማሽ ነበር ልኩ፣ ግማሽ ነበር ደጉ፣
ሶልያናን ሙሉ አጉርሰው ሸሸጉ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሳጥኑ ዝም አለ።

«ደረጃ ነው አሉ፣ ሰበብ ሲያበጁላት፣
ደረጃው ምን አለ፣ ሙሉው ነው የጣላት።»

ሁለተኛውን ሲቀበሉ ድምፃቸው ተለወጠ። ብርቄ ቀና ብላ ትርንጎን አየቻት። አንዲት ሴት እጇን ወደ ጉሮሮዋ ወሰደች። ትርንጎ መላልሳ አወረደችው፤ ንፍሮው እስኪዞር፣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ። ለሶልያና አለቀሰች፤ ለእናቷ አለቀሰች፤ ስም ላልወጣለት ልጇ አለቀሰች። ጋሽ ናሆም ከአምስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት።

ሙሾው ከዚያ ድንኳን ወደ ሌላው ተሻገረ። የማያውቋት ሴቶች ለማያውቋት ሶልያና በየለቅሶው አወረዱላት። በየቤቱ፣ በየማለዳው፣ ከሳጥኑ ፊት ዞር ሲሉ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሰው መውደቅ ተወ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ሰው መውደቅ መተዉን አየ።

ትርንጎ ልትወልድ በተቃረበች ሰሞን ሳጥኑ በደስታ ዜማ ንግግሩን ከፈተ። «እፎይ ከተጠበቀው በላይ ደኅንነቱ ተረጋግጧል! በአንድ ሙሉ ኪኒን ይህን ያህል ጤና ከተገኘ በእጥፍ ምን ያህል እንደሚገኝ ያስቡት። ከሰኞ ጀምሮ እፎይ በእጥፍ ጉልበት ይቀርባል። ትልቅነቱ ያው፣ መልኩ ያው።»

ትርንጎ አሰላችው። ሰው ግማሽ ለምዷል። የአዲሱ ግማሽ ማለት ሶልያናን የጣለው ሙሉ ማለት ነው። አባቷ ለሳጥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው በረንዳው ላይ ቆመው ከተማውን ያያሉ።

ተከተለቻቸው፤ በሩን ዘጋች። «ሩብ መባል አለበት» አለች በሹክሹክታ። «ከሰኞ በፊት። ግን የት ብዬ? በዚህ ሰሞን ለቅሶ የለም። ሰው መሞት ትቷል እኮ። ድንኳን እስኪተከል ብጠብቅ…»

አልጨረሰችውም። ድንኳን እስኪተከል መጠበቅ ማለት ማንን መጠበቅ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ጋሽ ናሆም ጺማቸውን አሻሹ። «ድሮ ሀብታም ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ ነበር። ከሞትኩ በኋላ ማን ያወጣልኛል ብሎ። አይተሽ አታውቂም?»

«ሰምቻለሁ።»

«በቁሙ የተለቀሰለት ግን አልሰማሁም።» ዞር ብለው አዩዋት፤ ዐይናቸው ውስጥ እትዬ ሶልያና ይሰድቡት የነበረው ያ የድሮ ተንኮል አለ። «ሕጉ ድንኳን ተተክሎ ይላል። ሟቹ መሞት አለበት ይላል?»

«አባዬ! ሟርት አይደለም?»

«ሟርትማ ዝም ማለት ነው። ልጄ፣ የእድሩን ዳኛ ጥሪልኝ። ድንኳኑን ያምጣ። ፎቅ አትውረዱ ስላሉን እዚሁ ኮሪደሩ ላይ ይተከል፤ ሰው ደረጃውን ይሙላው። ጎበዝ አልቃሾችን ከየሠፈሩ ጥሩ። ናሆም ሞቷል በሉ።»

«እንባው ከየት ይመጣል?»

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ስለ እኔ ካልመጣልሽ ስለ ሰኞ አልቅሺ።»

እሑድ ተለቀሰ። ድንኳኑ በኮሪደሩ ልክ ታጥፎ ተወጠረ፤ ሰው ከአምስተኛው ፎቅ ጀምሮ በየደረጃው እስከ ሜዳው ተደረደረ። የመጣው ግማሹ ነገሩን ያውቃል፤ ግማሹ አያውቅም፤ የማያውቀው ሲያለቅስ የሚያውቀውም አብሮ አለቀሰ። ጋሽ ናሆም ጋቢ ተሸፍነው ፍራሽ ላይ ተዘርግተዋል። ምሰሶው ላይ ያለው ሳጥን «ነፍስ ይማር» ብሎ ጆሮውን ዘጋ።

ትርንጎ ቆመች። ሆዷ ገፍቷል፤ ወገቧን ከጠዋት ጀምሮ እየቆረጣት ነው፤ ለማንም አልተናገረችም። ደረቷን መታች።

«ሩብ ነው የኔ አባት፣ ሩብ ነው የኔ ጌታ፣
ግማሹን የዋጠ አይደርስም ለማታ።»

ፊት ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። «ሩብ ነው!» የሚለው ከአፍ ወደ አፍ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ በለቅሶው ጩኸት ተዋጠና ጠፋ። ትርንጎ እንደገና ልታወጣው አፏን ስትከፍት ጋቢው ጫፉ ተነሣ፤ የሟቹ አንድ ዐይን ብቅ አለ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ናሆም በሹክሹክታ፣ «ረጋ አድርገሽ በይው፤ ከታች ያሉት አልሰሙም።»